የቱ ነው ያለቀው?

ባለፈው ኅዳር ነው። ፍኖተ ሰላም ካለው መጋዘኔ በር ላይ ወንበር አውጥቼ ጆንያ ሲወርድ ሳይ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። በርበሬ በሚወርድበት ቀን ስልክ መክፈት ራሱን የቻለ ችግር ነው፤ አንዱ እጅ ዓይንን ይጠብቃል፣ ሌላው አፍንጫን ይይዛል። አውራጆቹ ሲያስነጥሱ "ይማርህ" መባባል ከተዉ ቆይተዋል፤ እሱን ቢጀምሩ ጆንያ የሚያወርድ አይገኝም። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠራርጌ ከፈትኩት። መልእክቱ ከመልካሙ ነው። አንድ ቃል ብቻ፤ "አልቋል" ይላል።

መልካሙ ባሕር ዳር ላይ ታላቅ እህቱን እቴ አዛለችን እያስታመመ ነበር። ጠዋት "ሕክምናው እንዴት ሆነ?" ብዬ ጽፌለት ስለነበር መልሱ መሆኑ ነው። ቃሉን ደግሜ አነበብኩት። ሕክምናው አልቆ ወደ ቤቷ ልትመለስ ይሆን? ወይስ ያኛው፣ ሰው ለመናገር አፉን ሲይዘው በአጭሩ የሚለው ዓይነት "አልቋል"? መልሼ ደወልኩ። ያቺ የማይደክማት ሴትዮ፣ የስልኩ ውስጥ ሴትዮ፣ የደወልኩላቸው ሰው አሁን እንደማይገኙ በትሕትና ነገረችኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ደግማ ነገረችኝ። ሰሞኑን ኔትወርክ መጣ ሲሉት ይሄዳል። ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ የሚወርደውን ጆንያ ማየት ቀጠልኩ፤ የማየው ግን የዛሬውን ጆንያ አልነበረም።

በዚህች አገር ላይ ያንን ቃል ብቻውን ለእኔ መላክ የማይገባው አንድ ሰው ቢኖር መልካሙ ነው። እሱም ያውቃል። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ ቡሬ፣ ወደ ወጣትነታችን መመለስ አለብኝ።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው። ሞባይል ገና ገጠር መግባቱ ነው፤ ገበሬው ስልኩን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ በገበያ ቀን ከተማ ወጥቶ ያስሞላው ነበር። የዘመኑ ቃል "ተደራጁ" ነው። ሥራ የጠየቀ ሁሉ ተደራጅ ይባላል፤ የተደራጀው ደግሞ ሥራ ይጠይቃል። እኔ ከትምህርት ቤት የወጣሁት በራሴ ፈቃድ ነው እላለሁ፤ አስተማሪዎቼ ሌላ ይላሉ። ያደግሁት ቡሬ በርበሬ ተራ ነው። እጄን ጆንያ ውስጥ ከትቼ በርበሬው ክብደት እንዲያነሣ ውኃ የተረጨ መሆን አለመሆኑን አውቃለሁ፤ በጋቢ ሥር ከደላላ ጋር ጣት ለጣት ተያይዤ፣ ከላይ ስለ ልጆቹ ጤና እየጠየቅሁ ከታች ዋጋ እቆርጣለሁ። ሀብቴ ይኸው ነበር።

መልካሙ የሽንዲ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ሰውየው ዕድሜያቸውን አንዱን ቃል ሁለት ሲያደርጉ ኖረው አለፉ፤ ልጃቸው ደግሞ ቃል ሁሉ አንድ ትርጉም ብቻ ያለውበትን ነገር ፍለጋ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ኮምፒውተር ተማረ። ያስተማረችው እቴ አዛለች ናት። አባታቸው ሲሞቱ እሷ ገና ልጃገረድ ነበረች፤ ያገባችውም የፈታችውም ይህን ወንድሟን ስታሳድግ ነው። እኔን ስታገኘኝ ሁለተኛ ወንድም አድርጋ ተቀበለችኝ። መጀመሪያ ቀን አንቱ ብላት፣ "አንቱታው ያስረጀኛል፤ እርጅናው በራሱ መንገዱን ያውቃል" ብላ ከለከለችኝ። ስሜ ይርሳው ነው ስላት ደግሞ ከት ብላ ሳቀች፤ "የሰጠሁህን ጠላ ይርሳው፣ ያልሰጠሁህን ግን አይርሳው?" አለችኝ። የአባቷ ልጅ ናት።

እኔና መልካሙ የጀመርነውን ዛሬ ልጆቹ ስታርታፕ ይሉታል። ያኔ ስም አልነበረውም፤ ማመልከቻው ላይ "የገበያ ትስስር" ብለን ጻፍን፣ ቆንጆ ስለሚመስል። ከጥቃቅንና አነስተኛ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ሰጡን፤ ጎናችን ዳቦ ቤት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የትኩስ ዳቦ ሽታ በቀዳዳው እየገባ ሥራ ያስፈታናል። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሽንዲ ገበሬ በርበሬው ሲደርስለት ከስልኩ አጭር መልእክት ይልካል። የእኛ ኮምፒውተር የአንድ ጎጥ ሰዎችን መልእክት ይሰበስብና መኪና የሚሞላ ሲሆን ይነግረናል። እኔ አይሱዙ አስነሣለሁ፤ መንገድ ዳር ከተከመረው ላይ አንሥተን ፍኖተ ሰላም ላሉ ነጋዴዎች እናስረክባለን። ገበሬው በየመንገዱ ከሚያዋክቡት ደላሎች ያርፋል፤ መኪናውም ባዶውን አይንከራተትም። ማሽኑ የመልካሙ ነው፤ ሰዉ የእኔ። እንዲህ ተካፈልን፤ ጥሩ ድርሻ መስሎን።

ጣጣው እርስ በርስ አለመግባባታችን ነበር። አለመግባባት ስል ጠብ አይደለም፤ በልተን ጠጥተን እየተሳሳቅን ነው የማንግባባው። አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮ "ሰርቨሩ ወደቀ" አለኝ። እኔ እቃ መስሎኝ "ምነው ታዲያ አታነሣውም?" አልኩት። እሱም ከእኔ የባሰ ነው። ነጋዴ "መኪናው መንገድ ላይ ነው" ሲል ሹፌሩ ገና ጫማውን እያሰረ ነው ማለት እንደሆነ ቡሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። መልካሙ ግን ኮምፒውተሩ ላይ "መንገድ ላይ" ብሎ መዝግቦ፣ በኪሎ ሜትር አስልቶ የሚደርስበትን ሰዓት ለነጋዴዎቹ ይልካል። ነጋዴዎቹ ስልክ ደውለው የእኔን እናት ያነሣሉ።

ከሁሉ የማልረሳው ደግሞ የማስመረቂያው ቀን ነው። "ፕሮግራሙ አለቀ?" ብዬ ጠየቅሁት፤ "አልቋል" አለኝ። ሮጬ ትልልቅ ነጋዴዎችን ጠራሁ፤ ጠላ አስጠመቅሁ። ሰው ተሰብስቦ ማሽኑ ሲከፈት ድንጋይ ሆነ፤ አንድ ነገር አይናገርም። ነጋዴዎቹ ሲወጡ መልካሙን ጎትቼ ያዝኩት።

"አልቋል አላልከኝም?"

"አልቋል እኮ። ጽፌ ጨርሻለሁ።"

"ታዲያ ለምን አይሠራም?"

"አልተሞከረማ! መጻፉ አለቀ እንጂ መሞከሩ መቼ አለቀ አልኩህ?"

የቀረውን ጠላ ይዘን ሽንዲ ሄድንና ለእቴ አዛለች አጫወትናት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ "የአባታችን ተማሪዎች ለዚህች አንዲት ቃል ስንት ክረምት ይቀመጡ ነበር፤ እናንተ በአንድ ቀን ተመረቃችሁባት" አለችን። ሳቅን። በቀልድ መልክ ቀድሞ የመጣልን ምክር ነበር፤ እኛ በቀልድነቱ ተቀበልነው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ መልካሙ መልእክቶቹን ለማሽኑ ማስተማር ያዘ። ማታ ማታ አይደለም የሚሠራው፤ ቀን በቀን፣ መብራት ሲኖር፣ የዳቦ ቤቱ ልጆች በመስኮት እያዩት። ያኔ ብዙው ስልክ የእኛን ፊደል አያነብም፤ አማርኛውን ሰው ሁሉ በፈረንጅ ፊደል እንደመጣለት ነው የሚጽፈው። "ገበሬው በርበሬው ተሸጦ ቤቱ ምንም ከሌለው ምን ይላል?" ብሎ ጠየቀኝ። "አልቋል ይላል" አልኩት። ትክክል ነው፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ የምመልሰው ይህንኑ ነው። መልካሙ "አልቋል" በፈረንጅ ፊደል ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ፈልጎ አስገባ። "እንዴትም አድርጎ ይጻፈው፣ ልጁንም ያስጽፈው፣ ማሽኑ ይገባዋል" አለኝ፤ ኩራቱ ደስ ይል ነበር። ያንን ቃል የላከ ሰው ስሙ ከሚጫንላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ በራሱ ይፋቃል፤ መኪና በከንቱ እንዳይሄድበት። በርበሬው ደርሶ መኪና የሚፈልገው ደግሞ "ዝግጁ" ብሎ ይላክ ተባለ። ቃሉን የመረጠው መልካሙ ነው፤ እኔም አጨብጭቤለታለሁ፤ የቢሮ ሽታ ነበረው፣ የቢሮ ሽታ ደግሞ ያኔ እንወድ ነበር።

ይህንን ለማስተማር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽንዲ አጠገብ ካለው የእቴ አዛለች ሰፈር ሰንበቴ ቤት ተገኘን። ሰዉ የሰንበቴውን ዳቦ በልቶ፣ ጠላውን ይዞ፣ ነጭ ለብሶ ተቀምጧል። መልካሙ በአባቱ ምክንያት ይከበራል፤ ዝም ብለው ሰሙት። "በርበሬያችሁ ዝግጁ ሲሆን፣ ዝግጁ ብላችሁ ትልካላችሁ" አለ። "እሺ፣ እሺ" አሉ ሁሉም። የጎጃም እሺ ምን ያህል ጥልቅ ጉድጓድ እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሰው ላለማሳፈር የሚባል እሺ አለ። የሰንበቴው ሽማግሌ አባ ታረቀኝ ግን ጽዋቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እንደው ልጆቼ፣ ይህ ዝግጁ የምትሉት መቼ የሚባለው ነው?" አሉ።

ከሴቶቹ ወገን እቴ አዛለች ቀልጠፍ ብላ መለሰችላቸው። "አባ፣ ሲያልቅ ማለታቸው ነው። ለቀማው፣ ማድረቁ፣ ጆንያ መሙላቱ፣ ሁሉም ሲያልቅ።"

"ኧረ እንዲያ በሉን! ሲያልቅ ነዋ" አሉ አባ ታረቀኝ፤ ሰዉም "ሲያልቅ፣ ሲያልቅ" እያለ ለጎረቤቱ አሳለፈው። እኔና መልካሙ እዚያው ቆመናል። ሰማን። ራሳችንን ነቀነቅን። ጥሩ አማርኛ ነበር፤ ምኑ ያስደነግጣል?

እቴ አዛለች ሰዎቹ ሲወጡ በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ለመነች። "ዘንድሮ ለመንገድ ደላላ እንዳትሸጡ። ወንድሞቼ ይመጣሉ፤ በእኔ ይሁንባችሁ።" ባሏን ከፈታች ወዲህ በዚያ ሰፈር የነበራት ነገር ይህ ቃሏ ነበር። እርሻ የሚያርስላት ሲታጣ፣ ከብት ሲጠፋባት፣ ሰዉ የሚረዳት አዛለች አለች ከተባለ ውሸት እንደሌለበት ስለሚያውቅ ነው። እኛንም በዚያ ቃል አስያዘችን። ለራሷ ያሰበችው ደግሞ ቤቷን ቆርቆሮ ማልበስ ነበር፤ "እንግዲህ ክረምት ሲመጣ ከሣሩ ሥር ዕቃ እየገፋሁ አላድርም" ትል ነበር።

ኅዳር አልፎ ታኅሣሥ ገባ። ማሳው ሁሉ ቀይ ሆነ፤ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው ጠጠር መንገድ ግራና ቀኙ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ የደማ ይመስላል። መልእክት መግባት ጀመረ። እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ወደ ክፍላችን ስገባ መልካሙ ፊቱ ከስሎ ጠበቀኝ።

"ሽንዲ እያለቀ ነው" አለኝ።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሰዎቹ አልቋል እያሉ ነው። በላይ በላዩ እየገባ ነው። የእቴም ስልክ አልቋል ብሏል።"

የነጋዴ ጭንቅላት ወዲያው የሚያስበውን አሰብኩ፤ ደላሎቹ ቀደሙን። የተሻለ ዋጋ ጠርተው ወሰዱባቸው። ገበሬውን አልኮነንኩም፤ እኔም ብሆን የማደርገው ነው። የእቴ ግን ከነከነኝ። እሷ እንዴት? መልካሙ "ልደውልላት?" አለ፤ ግን አልደወለም። ስልኩን አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ምን ይበላት? ለምን ለሌላ ሸጥሽ ይበላት፣ ያሳደገችውን? እኔም ጎትቼ አላስደወልኩትም፤ ለማሳፈር የሚደወል ስልክ ነው የመሰለን። መኪናውን ሌሎች ገበሬዎች ወዳሉበት ወደ ማንኩሳ አዞርነው።

ማሽኑ ደግሞ ጨዋ ነበር። መልካሙ በትሕትና አሳድጎታል። መልእክት ለላከ ሰው ሁሉ፣ ምንም ይበል ምን፣ "መልእክትዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን" ብሎ ይመልሳል። እነዚያ ሰዎች "አልቋል" ብለው ልከው ምስጋና ሲደርሳቸው ጆንያቸውን በአህያ እየጫኑ ወደ መንገዱ አወጡ፤ መኪና ከቤታቸው አይደርስምና። ባሕር ዛፎቹ ሥር ከመሩት። ጠበቁን። እቴ አዛለችም ለምን አልመጣችሁም ብላ አልደወለችም። ወንድምን መነዝነዝ ነውር ነው፤ ሲደርሱ ይደርሳሉ። እኛ እሷን ላለማሳፈር፣ እሷ እኛን ላለማስጨነቅ፣ በሁለቱም በኩል ስልኩ ተሞልቶ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ ዘነበ። ታኅሣሥ ላይ የማይጠበቅ፣ ክረምትን የረሳው ዝናብ። ቡሬ ላይ እኛ በደስታ በር ከፍተን አየነው፤ አቧራው ይበርዳል ብለን። በማግስቱ አያ ሙጨ የሚባሉ የአይሱዙ ሹፌር፣ ከሽንዲ እህል ጭነው ሲመለሱ፣ መኪናቸውን በራችን ላይ አቁመው ሳይወርዱ ጮሁብን።

"እናንት ልጆች! ያ ሁሉ ሕዝብ ምን በድሏችሁ ነው?"

"የቱ ሕዝብ አያ ሙጨ?" አልኳቸው።

"የሽንዲው ነዋ! መንገድ ዳር በርበሬ ላይ ተኝቶ የሚጠብቃችሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አውልቀው ጆንያ ላይ ጥለዋል፤ ነጠላ ዝናብ ያቆም ይመስል።"

መልካሙ ጋቢናው ውስጥ ገባ፤ እኔ ተከተልኩት። አያ ሙጨ ጭነታቸውን እንደያዙ መኪናውን አዞሩልን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው። ደረቅ በርበሬ አፍንጫን ይወጋል፣ ያስነጥሳል፣ ያስቆጣል፤ ሕይወት አለው። የረጠበው እንደ ጠላ ጭላጭ ይጎመዝዛል። ማንም አያስነጥስም ነበር። ሴቶቹ ጆንያዎቹን ፈተው ከመሐል ደረቅ ይገኝ እንደሆነ እያሉ ይለቅማሉ፤ እጄን ከተትኩ፤ ሞቋል። በርበሬ ጆንያ ውስጥ ሞቀ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። ከላይ ያለው መንጣት ጀምሯል።

አባ ታረቀኝ ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ተነሥተው ሰላም አሉን። መሳደብ ይችሉ ነበር፤ ቢሰድቡን በቀለለን። "እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ" ብለው፣ ወደ ሰዉ ዞር ብለው፣ "እኛ አልቋል ብለን ላክን፤ እነሱም አልቋል ብለው ተቀበሉን። ተግባብተናል" አሉ።

መልካሙ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። የእህቱን ስልክ ከእጇ ወስዶ አነበበ፤ የላከችውን ቃል፣ ከሥሩም የራሱን ማሽን ምስጋና። እርጥቡ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

"ቃሉን የሰጠኸኝ አንተ ነህ" አለኝ፤ ቀና ሳይል።

"የጠየቅኸኝን ነው የመለስኩልህ። ማሽኑ ያንተ ነው።"

"ማሽኑ የተነገረውን ነው የሠራው።"

"እኔስ ምን አደረግሁ?"

ሁለታችንም እውነት ነበር የምንናገረው፤ የሚያሳፍረውም እሱ ነው። አንድ ሰው ዋሽቶ ቢሆን፣ አንድ ሰው ሰንፎ ቢሆን፣ የምንጥልበት ቦታ እናገኝ ነበር። እቴ አዛለች መሐላችን ገባች። ፀጉሯ ርሶ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ነጠላዋ ጆንያው ላይ ነው። "በሕዝብ ፊት አትጣሉ። ኑ ቤት፤ ጾም ስለሆነ ሽሮ ነው ያለው፤ እህል ቅመሱ" አለች።

ሄድን። እምቢ ማለት የባሰ ይሆናል። የሣር ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ድስት አስቀምጣበታለች፤ ጠብ ጠብ ይላል። ሽሮው ነጭ ነበር። እሷ ራሷ አየችውና ፈገግ አለች። "በርበሬውን ለገበያ ብዬ ለቤት ሳላስቀር" አለች። ሦስታችንም ከአንድ ሳህን በላን። ሳህኑን እያየች፣ "ሲያልቅ ማለታቸው ነው ያልኩት እኔ ነኝ እኮ" አለች። መልካሙ "እቴ ተይ" አላት። ደግማ አላነሣችውም።

ሰፈሩ አልሰደባትም። ካሳም አልጠየቃትም። ያደረጉት ሌላ ነው፤ መጠየቅ ተዉ። ድሮ በሰንበቴው ነገር ሲነሣ "አዛለች ምን ትላለች?" ይባል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነገር ሲነሣ በሷ በኩል አልፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ዳቦው ሲደርሳት ይደርሳታል፣ ወሬው አይደርሳትም። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም። አንድ እሑድ እዚያ ተቀምጬ በዓይኔ አየሁት።

መልካሙ ከዚያ በኋላ ያደረገውን መናገር አለብኝ፤ ይገባዋልና። ያንን ወቅት ሙሉ ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ ቡሬ ገበያ ከእኔ ጋር ዋለ። ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሰው ሲነጋገር ይሰማል። "ይህ ሰውዬ 'ይሁና' ሲል ተስማማ ማለት ነው ወይስ ተናደደ?" ብሎ በጆሮዬ ይጠይቀኛል። እኔም ከሰዓት በኋላ ከማሽኑ ፊት እቀመጣለሁ፤ ቃል ሲገባ ማሽኑ ምን እንደሚያደርገው አንድ በአንድ ያሳየኛል፤ ያልገባኝን "ገባኝ" እንዳልል አስምሎኛል። እሱ ያለውን እኔ በራሴ አፍ መልሼ እነግረዋለሁ፤ እኔ ያልኩትን እሱ። ስንሳሳት እንስቃለን፤ ሳቁ ግን የድሮው አልነበረም። ዝግጁን ጣልነው። ብቻውን የመጣ "አልቋል" ሲገባ ማሽኑ ከማመስገኑ በፊት እንዲጠይቅ አደረግነው፤ "የቱ ነው ያለቀው? በርበሬው ወይስ ሥራው?" ብሎ። ያማረ ነገር ወጣው። ማሽኑ ሰዉን መስማት ሲጀምር ግን የሚልክ ሰው አልነበረም። ያ ስልክ ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይውላል። ዳቦ ቤቱ ሰፋ ብሎ ክፍላችንን ሲጠይቅ ሰጠነው።

አልተጣላንም። ስልኩ እየራቀ፣ እየራቀ፣ ለበዓል ብቻ ሆነ። እሱ ባሕር ዳር መሥሪያ ቤት ገባ፤ ለእህቱም በደመወዙ ቆርቆሮ አለበሰላት። እኔ ፍኖተ ሰላም መጋዘን ከፈትኩ። ለሁለታችንም ደህና ሆነልን ይባላል። አሁን አሁን ላፕቶፕ የያዙ ወጣቶች መጋዘኔ ይመጣሉ፤ ቀልጣፎች ናቸው፣ ደስ ይላሉ። "ጋሼ፣ አፑ አልቋል፤ ይመዝገቡ" ይሉኛል። "የቱ ነው ያለቀው?" እላቸዋለሁ። እርስ በርስ ይተያያሉ። የሽማግሌ ነገር ይመስላቸዋል። እያንዳንዱን መልሰው በራሳቸው አፍ እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ገበያ ይዣቸው እወጣለሁ። አንዳንዶቹ አይመለሱም።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ፣ ስልኩ ጭኔ ላይ እንዳለ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላውቅም ደወልኩ። ጠራ። መልካሙ አነሣው።

"የቱ ነው ያለቀው?" አልኩት፤ ሰላምታም አላስቀደምኩም።

ሳቅ የሚመስል ነገር ሰማሁ። "ሕክምናው" አለ። "ሐኪሞቹ ከዚህ በኋላ የምንሰጣት የለም፣ ቤቷ ትሁን አሉ። እሷ አለች። ይኸው ስልኩን እየነጠቀችኝ ነው።"

ድምፅዋ ቀጥኗል፤ ግን የሷ ነው። "ይርሳው።"

"አቤት እቴ።"

"እሱማ ረጅም ነገር ሊጽፍልህ ነበር። አልቋል ብቻ በለው፣ ያውቀዋል ብዬ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"አላወቅሁትም እቴ።"

"አሁንም?" አለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅሁ። "በል ስማ። እስከ ቡሬ በሰው መኪና እንደርሳለን። ከቡሬ ሽንዲ ግን ትንሽ መኪና አልፈልግም፤ አይሱዙህን ላክልኝ። ያን ጊዜ አልቋል ብዬ ልኬ መኪናው ቀርቶብኛል። ዛሬም አልቋል ብያለሁ።"

ከወንበሬ ተነሣሁ። "መንገድ ላይ ነኝ" አልኳት።

ከጀርባዋ የመልካሙን ድምፅ ሰማሁ። "መንገድ ላይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቂው!"

"ቁልፉን ይዣለሁ ማለት ነው" አልኩ፤ ይዤውም ነበር።

አውራጆቹ የቀረውን ጆንያ በሩጫ አወረዱልኝ። መኪናውን ራሴ ነዳሁት። ከቡሬ ስንነሣ እቴ አዛለች ጋቢናው ውስጥ በእኔና በመልካሙ መሐል ተቀመጠች፤ ራሷን ትከሻው ላይ ጥላ። ክብደቷ እንደ ባዶ ጆንያ ነበር። መንገዱ ዛሬም ጠጠር ነው፤ ግራና ቀኙ በርበሬ ተሰጥቷል። ከመኪናው ውስጥ የሚያስነጥሰን የጭነቱ አቧራ ሲነሣ እሷም ታስነጥሳለች፣ እኛም፤ "ይማርሽ" ስንላት በእጇ ተዉት ትላለች።

ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ ሰው ቆሟል። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ነጠላቸውን እንደለበሱ መንገድ ዳር፣ ያኔ ጆንያው በተከመረበት ቦታ ላይ፣ ቆመው የእኛን መኪና ይጠብቃሉ። አባ ታረቀኝ የሉም፤ ካረፉ ቆይተዋል። ሞተሩን አጠፋሁ። እቴ አዛለች ቀና ብላ በመስታወቱ አየቻቸው፤ ብዙ አየቻቸው።

"ደረሰ" አለች።

ደረሰ ለመኪናም ይባላል፤ ለበርበሬም፤ ለሰውም፣ ጊዜው ሲሆን። የገና በዓል ሳይመጣ ነው ያረፈችው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ነገርን ሁሉ "የቱ ነው?" ብዬ ሳልጠይቅ የማላልፍ ሰው ሆኛለሁ፤ በሥራዬ የጠቀመኝ ትልቁ ነገርም እሱ ነው። ያን ቀን ግን አልጠየቅኋትም። መልካሙም አልጠየቃትም። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ በሩን ከፈትንና፣ እሱ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል፣ ልናወርዳት ወረድን።